ግድቡ ሞልቶ ምጣዱ ለምን ይበርዳል?

በዚህ እትም የኤሌክትሪክ ክፍል ተማሪዎችና መምህራን አብረን የሠራነውን አንድ ሥራ ልናካፍላችሁ ነው። ሒሳብ አለበት፤ ግን ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍምና ገጹን አትዝለሉት።

ነገሩ የተነሳው ከትምህርት ቤታችን ጓሮ ነው። ቡኮቶ ያለው የኪራይ ግቢያችን ረጅምና ቁልቁል የሚወርድ ነው። ቆጣሪው ላይ፣ መንገድ ዳር ካለው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የኮምፒዩተር ክፍላችን ግን ታች፣ ግቢው ጫፍ ላይ ነው። ከጎናችን ባለችው ሰርቪስ ደግሞ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ይኖራሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ለእሳቸውም ለእኛም መብራት የሚመጣው በአጥሩ ላይ በተዘረጋ በዚያው አንድ ሽቦ ነው።

አንድ ቀን እትዬ በር ላይ ቆመው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እናንተ ኮምፒዩተራችሁን ስትከፍቱ ምጣዴ ይበርዳል። እንጀራው ዓይን አላወጣ እያለኝ ስንት ሊጥ አበላሸሁ። ሬዲዮው ካሩማ ተመረቀ፣ መብራት ተረፈ ይላል። የተረፈው ታዲያ የት ሄደ?»

እውነቱን ለመናገር አፈርን። እኛ እኮ ሌላ አሥር ኮምፒዩተር ልንጨምር እያሰብን ነበር። የእሳቸው ደግሞ የዕለት ጉርሳቸው ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ይዘን ተነሳን፦ እትዬ የጠየቁት መልሱ ምንድን ነው? ያ ሽቦስ ምን ያህል መሸከም ይችላል?

እጥረት ሌላ፣ ወሰን ሌላ

የመብራት እጥረት ካምፓላ ውስጥ የነበረበትን ጊዜ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በ2005 እና በ2006 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቪክቶሪያ ሐይቅ ውኃ ወረደ። ያን ጊዜ አገሪቱ በዋናነት የምትኖረው ጂንጃ ላይ ባሉት ሁለት ጣቢያዎች ነበር፤ አንደኛው በ1954 ኦወን ፎልስ ተብሎ የተመረቀውና ዛሬ ናሉባሌ የሚባለው 180 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው አጠገቡ ያለው 200 ሜጋ ዋቱ ኪራ። ውኃው ሲጎድል ሁለቱም ከአቅማቸው በታች ሠሩ፣ ከተማው በፈረቃ ጨለመ። ከሰፈራችን ብዙም በማይርቀው ሉጎጎም 50 ሜጋ ዋት የሚሰጡ የናፍጣ ጄኔሬተሮች ተተከሉ። ያ እጥረት ነው፤ ማሰሮው ባዶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቡጃጋሊ (250 ሜጋ ዋት) በ2012፣ ኢሲምባ (183) በ2019፣ ካሩማ (600) ደግሞ በ2024 ተመረቁ። የአገሪቱ ጣቢያዎች አቅም ተደምሮ 2,000 ሜጋ ዋት ገደማ ደርሷል፤ ሕዝቡ በምሽት የሚጠቀመው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ስለዚህ እትዬ ልክ ናቸው፣ ማሰሮው ሙሉ ነው። ችግሩ ከማሰሮው እስከ ሲኒው ያለው መንገድ ላይ ነው። መንገድ ደግሞ የራሱ ወሰን አለው፤ ማሰሮው ቢሞላም ባይሞላም።

ማፍያ ሰክተን ለካን

ይህን ወሰን ለማግኘት የሚያስፈልገው አንድ መልቲሜትርና አንድ የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ ብቻ ነው። (አደራ፦ የቤት መብራት ይገድላል። መምህር ሳይኖር አትለኩ፤ መልቲሜትሩንም ኦም ላይ አድርጋችሁ ሶኬት ውስጥ እንዳትከቱ።)

ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ሳይጋግሩ፣ ኮምፒዩተሮቹም ተዘግተው ሳለ ሶኬታችን ላይ ለካን፦ 232 ቮልት። ኡጋንዳ ውስጥ መሆን ያለበት 240 ነው፤ ደህና ነው። ከዚያ 240 ቮልት፣ 2,000 ዋት የሚል የተጻፈበትን ማፍያ ሰካን። ወዲያው 214 ሆነ። 18 ቮልት የት ገባ? መንገድ ላይ ቀረ፤ ሽቦና መጋጠሚያ ሲያሞቅ።

አሁን ሒሳቡ። 240ን በ240 አባዝተን ለ2,000 ብናካፍል የማፍያው ተቃውሞ 28.8 ኦም ነው። 214ን ለ28.8 ስናካፍል የሄደው ከረንት 7.4 አምፔር ይሆናል። የጠፋውን 18 ቮልት ለ7.4 ስናካፍል 2.4 ኦም። ይቺ 2.4 ትልቅ ቁጥር ናት። ከጂንጃ እስከ ሶኬታችን ያለው መንገድ ሁሉ፣ ትራንስፎርመሩም የመንገዱ ሽቦም የእኛም ሽቦ፣ ተጠቃሎ በአንድ ቁጥር ማለት ነው። መሐንዲሶች ለአንድ አገር መረብ የሚሠሩት ሥራ ከዚህ የሚለየው በስፋቱ ነው እንጂ ሐሳቡ ይኸው ነው።

ቁጥሯን ካገኘን በወረቀት ላይ እንደልባችን መሰካት እንችላለን። በወረቀት ላይ አልን፤ በተግባር ሽቦው ይቃጠላል። ዕቃ በሰካን ቁጥር የዕቃዎቹ ድምር ተቃውሞ ይቀንሳል። ድምሩ 4.8 ኦም እስኪሆን ብንሰካ ከረንቱ 32 አምፔር፣ ቮልቴጁ 155፣ የምናገኘው ኃይል 4,980 ዋት ገደማ ይሆናል። ጨመርን እንበል፣ 2.4 ኦም እስኪሆን። ከረንቱ 48 አምፔር፣ ቮልቴጁ 116፣ ኃይሉ 5,600 ዋት። አሁንም በእጥፍ ጨመርን፣ 1.2 ኦም። ከረንቱ 64፣ ቮልቴጁ 77፣ ኃይሉስ? 4,980 ዋት ገደማ!

ይቺን ስናሰላ ክፍሉ ዝም አለ። አንዱ ተማሪ «ተሳስተናል» ብሎ እንደገና አሰላ፤ ያው መጣ። በሦስተኛው ላይ የሰካነው ዕቃ የሁለተኛው እጥፍ ነው፤ ያገኘነው ግን አነሰ። ከአንድ ነጥብ በኋላ ብዙ በጠየቅን ቁጥር ጥቂት ነው የሚሰጠን። ያ ነጥብ የሚገኘው የዕቃዎቹ ኦም ከመንገዱ ኦም ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ ቮልቴጁም ያኔ ከባዶው ልክ ግማሽ ይሆናል። መጠኑን ለማወቅ ባዶውን ቮልቴጅ በራሱ አባዝታችሁ፣ የመንገዱን ኦም በአራት አባዝታችሁ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ማካፈል ነው። የእኛ 5,600 ዋት ነው።

ቮልቴጁን ወደ ላይ፣ ኃይሉን ወደ ጎን አድርጋችሁ ነጥቦቹን ብታገናኙ ወደ ቀኝ የወጣ አፍንጫ የሚመስል መስመር ታገኛላችሁ። ከአፍንጫው ጫፍ በላይ ባለው በኩል መብራቱ ይደክማል እንጂ ይሠራል። ጫፉን ካለፉ መመለሻ የለም፤ የቮልቴጅ መፈራረስ የሚሉት ይሄ ነው።

ታዲያ 5,600 ዋት እንጠቀም ማለት አይደለም! ከዚያ በፊት ሌሎች ሁለት ወሰኖች አሉ። አንደኛው የሙቀት ወሰን ነው። የእኛ ሽቦ ውፍረቱ 1.5 የሚሉት ነው፤ እንደ አዘረጋጉ ከ15 እስከ 20 አምፔር ሲሻገር ይግላል፣ ፕላስቲኩ መሽተት ይጀምራል። ሁለተኛው ዕቃ የማያበላሽ የቮልቴጅ ወሰን ነው። ከ240ው አሥር በመቶ በላይ አይጉደል ብንል 216 ላይ መቆም አለብን። ከ232 እስከ 216 ያለው 16 ቮልት ነው፤ ለ2.4 ሲካፈል 6.7 አምፔር፤ በ216 ሲባዛ 1,440 ዋት። ሽቦው በወረቀት 5,600 ይላል፣ በአግባቡ የሚሰጠው ግን 1,440 ነው። የመረብ ሰዎችም ያውቁታል፦ አጭር መስመር ቀድሞ የሚገታው ሙቀት ነው፤ ረጅም መስመር ግን ገና ሳይሞቅ ቮልቴጁ ያልቅበታል።

አሁን ወደ እትዬ ምጣድ እንምጣ። ምጣዱ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ 220 ቮልት ላይ 3,500 ዋት። በእኛ መንገድ ላይ ብቻውን ሲሰካ ቮልቴጁን 198 ያደርሰዋል፤ ገና ከጅምሩ ወሰኑን አልፏል። በዚያ ላይ እኛ አሥር ኮምፒዩተር፣ በድምሩ 1,000 ዋት ስንከፍት 187 ይሆናል፤ ምጣዱም ከ3,500 ዋት የሚደርሰው 2,500 ብቻ ነው። እንጀራው ዓይን ባያወጣ ምን ይገርማል? ኮምፒዩተሮቹ ግን ምንም አልጎደለባቸውም። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ምጣድ የዋህ ነው፣ ኮምፒዩተር ስስታም ነው

ምጣድ፣ ማፍያ፣ የድሮው አምፖል የዋህ ዕቃዎች ናቸው፤ ቮልቴጅ ሲጎድል የሚወስዱትን ይቀንሳሉ። ኮምፒዩተር ግን 100 ዋት ካስፈለገው ያንን ከማግኘት ወደ ኋላ አይልም፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ከረንቱን ይጨምራል። ከረንቱ ሲጨምር መንገድ ላይ የሚቀረው ይበዛል፣ ቮልቴጁ ይብስ ይወርዳል። ፍሪጅና የውኃ ፓምፕም ከዚህ ወገን ናቸው፤ ቮልቴጁ በጣም ከጎደለ ሞተሩ መነሳት አቅቶት እያቃሰተ ከረንት ይጎትታል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል።

የዋሁም ቢሆን ለጊዜው ነው የዋህ። አዲስ አበባ የበዓል ዋዜማን አስቡ። ሁሉም ቤት ምጣድ ተጥዷል፣ መብራቱ ደክሟል። ምጣዱ ሲደክም አንድ እንጀራ የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል፤ ስለዚህ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ ከወትሮው ይልቅ ለረጅም ሰዓት አብሮ በርቶ ይቆያል። የቀነሰ የመሰለው ጭነት በኋላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በሰብስቴሽን ያለው ትልቁ ትራንስፎርመርም ሳያውቅ ያግዘዋል። ወደ ሰፈሩ የሚሄደው ቮልቴጅ ሲወርድ ራሱ ደረጃ እየቀየረ ከፍ ያደርገዋል፤ ሰፈሩ ያመሰግናል፣ ከላይ ያለው መስመር ግን ተጨማሪ ከረንት ይጫንበታል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ተደምሮ የታየው ቶኪዮ ላይ ነው። ጁላይ 23 ቀን 1987 ከባድ ሙቀት ነበር። ሰዉ ከምሳ ሲመለስ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ፣ አየር ማቀዝቀዣው ሁሉ አንድ ላይ ተከፈተ። ጭነቱ በየደቂቃው 400 ሜጋ ዋት ያህል ጨመረ፤ በየደቂቃው ከቡጃጋሊ የሚበልጥ ማለት ነው። የማመንጫ እጥረት አልነበረም። ነገር ግን ቮልቴጅ የሚደግፉት መሣሪያዎች ሁሉ ገብተው አለቁ፣ ማቀዝቀዣዎቹ ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንት ጨመሩ፣ ከከተማው በስተምዕራብ 500 መሆን የነበረበት መስመር ወደ 370 ኪሎ ቮልት ወረደ። 7 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ላይ ተፈራረሰ። ከ8,000 ሜጋ ዋት በላይ ጭነት ጠፋ፣ 2.8 ሚሊዮን ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ገቡ። ከመነሻው እስከ መጨረሻው 20 ደቂቃ አይሞላም።

ቮልቴጅ የሚደግፉት መሣሪያዎች ያልናቸው ምንድን ናቸው? ካፓሲተሮች ናቸው፣ በዋናነት። ሞተርና ትራንስፎርመር ከሚሠራው ኃይል ሌላ፣ ማግኔት ለመፍጠር ብቻ የሚሄድና የሚመለስ ኃይል ይፈልጋሉ፤ ሪአክቲቭ ፓወር ይባላል። ተማሪዎቻችን ይሄን ለመረዳት ተቸግረው ነበር፣ በመጨረሻ በአህያ ተግባባን። ጤፍ ወደ ገበያ ስትልኩ አህያው የሚሸከመው ጤፉን ብቻ አይደለም፣ ጆንያውንም ነው። ጆንያው አይበላም፣ አይሸጥም፣ ባዶውን ይመለሳል፤ ያለ እሱ ግን ጤፉ አይሄድም። ጆንያው ከባድ ከሆነ አህያው የሚጭነው ጤፍ ያንሳል። ጆንያውን ገበያው አጠገብ ማግኘት ከቻላችሁ ግን አህያው ይቀልለዋል፤ ካፓሲተር የሚሠራው ይህንን ነው። (ምሳሌው እዚህ ላይ ያነክሳል፤ አህያም እንዲሁ።) ችግሩ ቮልቴጅ ሲወርድ የካፓሲተሩም ጉልበት አብሮ መውረዱ ነው፤ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይደክማል።

ከመጠን በላይ ቮልቴጅም ያፈርሳል። ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ስፔንና ፖርቱጋል የጨለሙት ቮልቴጁ ወደ ላይ ወጥቶ ጣቢያዎች ተራ በተራ ስለወጡ ነው። ያ ሰፊ ነገር ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ትልልቆቹ መስመሮች

ኪሪያንዶንጎ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ካሩማ ደጃችሁ ነው። ከዚያ የሚነሳው መስመር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ካምፓላ አጠገብ ካዋንዳ ይደርሳል፤ በ400 ኪሎ ቮልት። ለምን እንዲህ ከፍ አደረጉት? ቅድም የወሰኑን ሒሳብ ስንሠራ ቮልቴጁን በራሱ አባዝተናል፤ መልሱ እዚያ ነው። የመንገዱ እንቅፋት እኩል ቢሆን፣ ከ132 ወደ 400 ኪሎ ቮልት ስንሄድ ወሰኑ ዘጠኝ እጥፍ ያድጋል። በአገራችንም ሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኃይሉን በደዴሳ በኩል እስከ ሆለታ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚልከው በ500 ኪሎ ቮልት ነው። በእነዚህ መስመሮች ላይ ዋናው እንቅፋት እንደ እኛ ሽቦ ሙቀት የሚፈጥረው ሳይሆን ሪአክታንስ የሚባለው ነው፤ የአፍንጫው ቅርጽ ግን ያው ነው።

መሐንዲሶች ታዲያ ማፍያ አይሰኩም። መረቡን ኮምፒዩተር ላይ ይሥሉትና ጭነቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ በየደረጃው የእያንዳንዱን ሰብስቴሽን ቮልቴጅ ያሰላሉ። አንድ ቦታ ላይ ሒሳቡ መልስ አልሰጥ ይላል፤ አፍንጫው ጋ ደረሱ ማለት ነው። ዛሬ ካለንበት እስከዚያ ያለው ርቀት የመረቡ ትርፍ አቅም ነው። ከዚያ ደግሞ አንዱን ትልቅ መስመር ወይም ጣቢያ አውጥተው እንደገና ያሰላሉ፤ ቀጥሎም ሌላውን። ዛፍ ሲወድቅበት የማይቆመውን መረብ ደህና ነው አይሉትም። እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ፦ ካፓሲተር በብዛት የተተከለበት መረብ ጫፉ ጋ እስኪደርስ ድረስ ቮልቴጁ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ቮልቴጁን ብቻ አይቶ መተማመን አይቻልም፤ ትርፉን ማስላት ግድ ነው።

በሶላር የምትጠቀሙ ደግሞ ይሄ አይመለከተንም እንዳትሉ። 12 ቮልት ላይ ወሰኑ በጣም ቅርብ ነው። ከባትሪው እስከ ክፍሉ 20 ሜትር ቢሆንና ያንኑ 1.5 ሽቦ ብትዘረጉ ደርሶ መልስ 40 ሜትር ነው፣ ግማሽ ኦም ገደማ። የአፍንጫው ጫፍ 74 ዋት ላይ ነው። ከአሥር በመቶ በላይ አይውረድ ካላችሁ 27 ዋት ብቻ! አምስት ባለ 5 ዋት አምፖል፣ አለቀ። ስልክ የሚሞላ ሰው ሲመጣ ሁሉም የሚደክመው ለዚህ ነው፤ ፓነሉን አትውቀሱ። ባትሪውን ወደ ክፍሉ አቅርቡት ወይም ሽቦውን አወፍሩት።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። ከ18ቱ ቮልት ስንቱ የእኛ፣ ስንቱ የመንገዱ እንደሆነ ለማወቅ ማፍያውን እንደሰካን ላይ ቆጣሪው ጋ ሄደን ለካን። እዚያ የወረደው 7 ቮልት ነበር። 11ዱ በእኛው 60 ሜትር ሽቦ ላይ ነው የሚቀረው። ያን ያህል ጊዜ ስናማ የነበርነው ከግቢው ውጭ ያለውን ነው፤ ትልቁ ጥፋት ግን የገዛ አጥራችን ላይ ነበር። ገንዘብ አዋጥተን፣ ፈቃድ ባለው ሠራተኛ ባለ 6 ሽቦ አስቀየርን። የመንገዳችን ቁጥር ከ2.4 ወደ 1.3 ወረደ፤ በ216 ቮልት የሚሰጠን ከ1,440 ወደ 2,600 ዋት ገደማ ወጣ። ምጣዱና አሥሩ ኮምፒዩተር አብረው ሲሠሩ ቮልቴጁ 206 ነው። አሁንም ከወሰኑ በታች ነው፤ ግን ምጣዱ 3,000 ዋት ያገኛል። አዲሶቹን አሥር ኮምፒዩተሮች አልወሰድንም። በምትካቸው ትንሽ ከረንት የሚበሉ ላፕቶፖች እየፈለግን ነው።

እትዬ ቅዳሜ ዕለት የመጀመሪያውን እንጀራ ለክፍሉ ላኩልን፤ ዓይኑ ጥሩ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን (በሉጋንዳም ሰዓት እንደ እኛው ነው የሚቆጠረው) ሰፈሩ በሙሉ መብራት ያበራል፣ ባዶው ቮልቴጅ ራሱ ከ232 ወደ 219 ይወርዳል። ለዚያ በእኛ ሽቦ የሚደረግ ነገር የለም። እሳቸው አሁን ሊጡን አስቀድመው እያቦኩ ከ11 ሰዓት በፊት ጋግረው ይጨርሳሉ፣ እኛም ክፍሉን የምንከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።